ኮምቦልቻ ያረፉ አውሮፕላኖች ፎቶ ያላችሁ፣ አልበማችሁን ግለጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ፎቶ ፍለጋ ነው። የድሮ ፎቶ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ሌላ የወሎ ሜዳ ላይ የተነሳ፣ አውሮፕላን ያለበት ማንኛውም ፎቶ። ዘመድ ሲሸኝ የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ መምህር ለሥራ ሲመጣ፣ ልጅ ለትምህርት ሲሄድ። ሰዎቹ ከፊት ተደርድረው የአውሮፕላኑ ጭራ ብቻ ከኋላ ብቅ ቢልም ችግር የለውም። ለእኛ ጭራውም ብዙ ይነግረናል። ምክንያቱን ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር፣ የአውሮፕላን ሞዴል የምንሰራ ጓደኛሞች ነን። የሚበር ዓይነት አይደለም። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ከእውነተኛው አውሮፕላን ተመጥኖ ያነሰ፣ በሩ፣ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዘው የሪቬት (ምስማር) መስመር ሳይቀር በቦታው ያለ። ከመካከላችን አናጢ አለ። የመኪና ቀለም ቀቢ አለ። ልብስ ሰፊ እህታችን አለች። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ልጆች አሉ። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክም አሉን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት አናጢው ቤት እንሰባሰባለን። ቡና ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ እየሞረድን፣ እየለጠፍን፣ እየተከራከርን እናመሻለን።

ሥራው እንዲገባችሁ ከልኬቱ ልጀምር። በብዛት የምንሰራው በ1/72 ስኬል ነው። ሰባ ሁለት እንግዳ ቁጥር ይመስላል፣ ግን ከእንግሊዞች ልኬት የመጣ ነው። ሞዴሉ ላይ አንድ ኢንች፣ እውነተኛው ላይ ስድስት ጫማ ይሆናል። በዚህ ስኬል 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ሰው 24 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዲሲ-3፣ የዚያ የድሮ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲቀነስ 40 ሴንቲሜትር ይመጣል። የቡና ረከቦት ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረው። ዛሬ ኮምቦልቻ የምናየው ዳሽ 8 ኪው 400 ደግሞ ርዝመቱ 33 ሜትር ስለሚጠጋ 46 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣዋል። ቤቱ የጠበበ ሰው በ1/144 ይሰራዋል፣ በግማሽ ያንሳል።

ይሄ ቁጥር እጅ ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ። 1 ሚሊሜትር የሚወፍር ካርቶን በ1/72 ሲሰላ ከ7 ሴንቲሜትር ይበልጣል። የአውሮፕላን በር ቆርቆሮ እንደዚያ አይወፍርም። ስለዚህ ካርቶኑን እንዲሁ ቆርጦ ለጥፎ የሄደ ሰው ሥራው የግንብ ቤት ይመስልበታል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ መሳሳት አለበት፣ በተለይ የክንፉ የኋላ ጠርዝ። አዲስ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስይዘው ሙጫም ቀለምም አይደለም፣ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ትዕግስት የሌለው በዚያው ይለያል፣ የታገሠው ደግሞ ከእኛ ጋር ይቆያል።

ዕቃው ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ውጭ አገር ኤርፊክስ፣ ታሚያ፣ ኢታለሪ የሚባሉ ድርጅቶች በሳጥን ተዘጋጅቶ የሚገጣጠም ፕላስቲክ ይሸጣሉ። እኛ ጋ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ በዶላር ነው፣ መላኪያውም አለ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አንዳንዴ ይገኛል። ሌላውን ሁሉ ከዚሁ ከደሴ ገበያ ነው የምናሟላው። ካርቶን፣ ቀርከሃ፣ የለስላሳ ጣሳ፣ ሱፐር ግሉ፣ የመኪና ስቱኮ፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ቲነር። አካሉን አናጢው ከዋንዛ ይጠርበዋል። የሪቬቱን ነጥብ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ ጣሳው ላይ እየተጫንን እናወጣዋለን። የቆርቆሮውን መገጣጠሚያ መስመር በመርፌ ማስመሪያ አስደግፈን እንጭራለን።

የዲሲ-3ን ሞተር እንዴት እንደምንሰራው ልንገራችሁ፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሞተሩ 14 ሲሊንደር አለው። ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ ሆነው በክብ ተደርድረዋል። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሙቀት የሚያስወጡ ቀጫጭን ቀለበቶች ተደራርበው ይታያሉ። እነዚያን ቀለበቶች የምናመጣው በስቲኪኒና በክር ነው። ልብስ ሰፊዋ እህታችን ያላትን ቀጭን ክር ስቲኪኒው ላይ ጥቅጥቅ አድርጋ ትጠቀልላለች። ሱፐር ግሉ ይነካዋል። ሲደርቅ በምላጭ 5 ሚሊሜትር ገደማ እየተቆረጠ በወረንጦ አንድ በአንድ ይተከላል። ሁለት ሞተር ነውና 28 ሲሊንደር ማለት ነው። ከዚያ ጥቁር ቀለም በቲነር አቅጥነን እናፈስበታለን፣ ቀለሙ ክሩ መሐል ይገባና ቀለበቶቹ ለየብቻ ይወጣሉ። ሽፋኑ ሲገጠም የኋላዎቹ ሰባት አይታዩም ማለት ይቻላል። እንሰራቸዋለን። ጋሼ "ሞተር ግማሽ የለውም" ብለዋል፣ አበቃ።

የአብራሪው መስታወት ደግሞ ከሃይላንድ ነው የሚሰራው። አናጢው ቅርጹን ከእንጨት ይጠርብና አለስልሶ ይሞርደዋል። የውሃ ፕላስቲኩን ቆርጠን እንጨቱን ውስጡ እናስገባና ከሰል ምድጃ ላይ ራቅ አድርገን እናዞረዋለን። ፕላስቲኩ ሙቀት ሲሰማው ይሰበሰብና እንጨቱ ላይ ልክክ ይላል። ቀዝቅዞ ሲቆረጥ ጥርት ያለ መስታወት ነው። ከእሳቱ ትንሽ ከቀረበ ግን ይነጣል፣ ሌላ ሃይላንድ ያስፈልጋል።

ቀለም ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ዓለም ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ከፍታው ግን በብዙ መቶ ሜትር ይለያያል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ውስጥ ስፕሬይ የነፋ ሰው ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ይነጣበታል። ቲነሩ ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ ላዩ ላይ ይይዛል፣ ነገሩ ይሄው ነው። ስለዚህ ደሴ እንገጣጥማለን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እንቀባለን። ሞዴሉ ካርቶን ውስጥ ጥጥ ተደርጎለት ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ተቀምጦ ይወርዳል። ቀቢው ጓደኛችን ቀጠን ቀጠን እያደረገ ደራርቦ ይነፋዋል፣ በየመሐሉ ያስደርቀዋል። የእሱን እጅ ያየ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ምን ያህል ጥበብ እንዳለ ይገባዋል።

አንዳንድ ሰው ሲያየን "ትልቅ ሰው በልጅ ዕቃ ሲጫወት" ይላል። አልቀየምም፣ ግን ዝም ብዬም አላልፈውም። የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያውን አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት፣ በፈረንጆቹ 1901፣ ትናንሽ የክንፍ ሞዴሎችን ሰርተው ነፋስ በሚነፍስበት ሳጥን ውስጥ ፈትነዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን በቅርጹ መለየትን ለማሰልጠን ሞዴል አስፈልጎት፣ በፈረንጆቹ 1942 የትምህርት ቤት ልጆች ግማሽ ሚሊዮን ሞዴል እንዲሰሩለት ጠይቆ ነበር። የተመረጠውም ስኬል 1/72 ነው። ልጆቹ ከእንጨት ጠርበው፣ ጥቁር ቀብተው ያስረክቡ ነበር። ታዲያ ይሄ የልጅ ዕቃ ነው? እኛ ጋ የሚመጡት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ በወረቀት ያዩትን ንድፍ እጃቸው ላይ ያገኙታል። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት የተሳለን ሥዕል አንብቦ አንድ ዕቃ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ወሎ ሰማይ ላይ ብዙ ታሪክ በርሯል። እኛ መስራት የምንፈልገው እሱን ነው። የሌላ አገር ጦርነት የሌላ አገር አውሮፕላን ለሌላው ይሁን።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይ ሰራሽ ፖቴዝ 25። ድርብ ክንፍ ነው፣ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በግልጽ ያጥራል፣ መሐላቸው በሽቦ ተወጥሯል። ሽቦውን ከሴት ናይሎን ካልሲ በተመዘዘ ክር ነው የምንወጥረው፣ ሲነካ ይሳብና ይመለሳል፣ አይበጠስም። በ1928 አዲስ አበባ የተሰራችው ፀሐይም አለች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሰራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች፣ ጣሊያን ወስዷት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ወደ አገሯ የተመለሰች። እሷን ስንሰራ ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ነው የተቀመጥነው ማለት ይቻላል።

ደሴን በተመለከተ ግን ከሁሉም በላይ የምናነሳው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለጦርነቱ ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ነበር። የዚያን ዕለት የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን ደበደቡ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሕክምና ሰፈር ሳይቀር ተመታ። አፄ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶ ከዚሁ ከደሴ የመጣ ነው። የእኛ ወገን የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፣ ለውጊያ የሚሆኑም አልነበሩም። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ በእነዚያው አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜኑ ግንባር መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘንም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበርር ነበር። እነዚህን ሰዎች ደሴ ውስጥ ስንት ልጅ ያውቃቸዋል?

እዚህ ላይ ቡድናችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በዚያ ጦርነት ጣሊያን ከተጠቀመባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነው። ሦስት ሞተር፣ ክንፉ ከላይ፣ ከጫፍ ጫፍ 21 ሜትር። በ1/72 ወደ 30 ሴንቲሜትር ይጠጋል። እንስራው ወይስ አንስራው? ልብስ ሰፊዋ እህታችን "የገደለንን ለምን ታሳምሩታላችሁ፣ አያቴ ብትሰማ ምን ትላለች?" አለች። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቡናው ቀዘቀዘ። ከተማሪዎቹ አንዱ የጣሊያኑን ምልክት ሳናደርግ እንስራው አለ። እሱን ማንም አልተቀበለውም፣ ምልክቱን ማጥፋት ማን እንደደበደበን መደበቅ ነውና። የእኔ አስተያየት ይሰራ የሚል ነው። ልጆቻችን ምን እንደመጣባቸው መጠኑን ይዩት። በዚያው ስኬል ፖቴዟን አጠገቡ እናስቀምጥ፣ ከሥራቸው 24 ሚሊሜትር የሚሆኑ ሰዎችን እናቁም፣ አንዱ በሦስት ሞተር ከላይ፣ ሌላው ነጠላ ጋቢ ለብሶ ከታች። መጽሐፍ ላይ "ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች" የሚለውን መስመር ያነበበ ልጅ ይሄን ሲያይ ሌላ ነገር ይገባዋል። በመጨረሻ እህታችን ራሷ "እሺ፣ ግን ሰዎቹን የምሰራው እኔ ነኝ" አለች። አሁን ከሽቦና ከጨርቅ እየሰራቻቸው ነው። አንዷ ሴት ልጇን አዝላ ቀና ብላ ታያለች። የአንቀልባው ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል። ይሄን ያህል ትንሽ ነገር ላይ ይሄን ያህል ሐዘን ሲሰፍር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ደግሞ የዲሲ-3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በዚሁ አውሮፕላን ነው፣ ሲ-47 በሚባለው የጦር ኃይል ዓይነቱ። ለብዙ ዓመታት አገር ውስጥ ያለውን ሜዳ ሁሉ ሲያዳርስ የኖረውም እሱ ነው። የእኛ ሰው "ዳኮታ" ይለዋል። ጭራው መሬት ላይ ስለሚያርፍ ተሳፋሪው ውስጥ ገብቶ ዳገት እየወጣ ነው ወንበሩን የሚይዘው። ሲበር እንኳን ጎማዎቹ ሙሉ በሙሉ አይገቡም፣ ግማሻቸው ከሥር ይታያል። ሞዴል ላይ ይሄን የሳተ ሰው ጋሼ ፊት አይቆምም።

በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል ወደ ሰሜኑ ደጋ እየመጡ እህል ይጥሉ ነበር። ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ የኋላው በር ተከፍቶ፣ ከረጢቱ በከረጢት ላይ ተደርቦ። ሄርኩለስ ክንፉ 40 ሜትር ነው፣ በእኛ ስኬል 56 ሴንቲሜትር። አናጢው ቤት አሁን ጠረጴዛውን ግማሽ የያዘው እሱ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲወራ ቤቱ ዝም ይላል፣ ያላለቀሰ ቤት የለምና። እሱን ለመስራት የፈለግነው ተማሪዎቹ ሳይሆኑ እኛ ትልልቆቹ ነን።

ታዲያ ችግራችን ምንድነው? ዝርዝሩ ነው። ዲሲ-3 በዓለም ላይ በሺዎች ተሰርቷል፣ ንድፉ ሞልቷል። ኤርፊክስም ኢታለሪም ሲ-47ን በ1/72 ያወጣሉ። ግን የእነሱ ሳጥን ውስጥ ያለው ምልክት በብዛት የፈረንጅ ጦር ነው። እኛ የምንፈልገው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የቆመውን ነው። በግራ በኩል ያለው በር ትልቁ ባለ ሁለት ተካፋች የጭነት በር ነው ወይስ አንዱ ትንሹ? አንቴናው የት ጋ ተተክሏል? ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ እንዴት ተሰምሯል? በመስኮቱ ላይ የሚያልፈው መስመር አፍንጫው ጋ ሲደርስ ሹል ይሆናል ወይስ ይቆረጣል? ET ብሎ የሚጀምረው የምዝገባ ፊደል የት ላይ ተጻፈ? አየር መንገድ ቀለሙን በየጊዜው ይቀይራል፣ አንዱ አውሮፕላን ራሱ በተለያየ ዓመት ሌላ ይመስላል። አዲስ አበባ የተነሳ ፎቶ ይገኛል። እዚያ ያለው ግን ታጥቦ የቆመ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆዱ አቧራ ለብሷል፣ ከሞተሩ ኋላ ክንፉ ላይ የጭስ ጥቁር ተስቧል፣ ጎማው የሜዳውን አፈር ይዟል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይሄንን ነው። ንጹሕ የሆነ ሞዴል የትም ያልሄደ አውሮፕላን ይመስለኛል። የከሰል ዱቄት በደረቅ ብሩሽ እየነካካን ጭሱን እናመጣዋለን፣ ለአፈሩ ደግሞ የዚያኑ የኮምቦልቻን ሜዳ አፈር ወንፍተን ነው የምንጠቀመው። ግን የት የት እንደሚያርፍ ፎቶ ነው የሚነግረን።

ያ ፎቶ ደግሞ መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም። ሰው ቤት ነው ያለው፣ አልበም ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ቁርዓን ወይም መዝሙረ ዳዊት መሐል የገባ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቤት ተዘርፏል። የደሴ ሙዚየማችንም ተዘርፏል። ከአልጋና ከቴሌቪዥን ጋር ስንት አልበም እንደሄደ አስቡት። አልጋ ይገዛል። የአባትህ ፎቶ ከዳኮታው ሥር ቆሞ የተነሳው አይገዛም። የተረፈውን ቶሎ ኮፒ ማድረግ አለብን የምለው ለዚህ ነው። እኛ ለሞዴላችን፣ እናንተ ለልጆቻችሁ።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ይሄን መልእክት ለወሎ ሰው አድርሱልኝ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ ላላችሁ፣ ከወሎ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ላላችሁ። አየር መንገድ የሰራችሁ፣ ሜዳው አጠገብ ያደጋችሁ፣ ሻንጣ የተሸከማችሁ፣ የሸኛችሁ፣ የተሸኛችሁ። የደበዘዘም ይሁን የተቀደደ፣ አትናቁት። ጀርባው ላይ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ከሆነማ ማሻ አላህ ነው፣ የቀለሙን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይፈታልናል። ፎቶ ባይኖራችሁም ያያችሁትን ንገሩን። በሩ በየት በኩል ይከፈት ነበር፣ መሰላሉ እንጨት ነበር ብረት፣ ነዳጁ በበርሜል ነበር የሚመጣው? ጋሼ ደብተር ይዘው ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ወረቀቱ ከቤታችሁ ይውጣ አንልም። አብሽሩ። መጥተን እናንተው ፊት በስልክ አንስተነው እንመልሳለን፣ ከሩቅ ያለ ደግሞ ልጆቹ አንስተው ለዝግጅት ክፍሉ ቢልኩልን ይደርሰናል። አዘጋጁም ፈቃዱ ከሆነ የመጣውን ፎቶ ከነባለቤቱ ስም ጋዜጣው ላይ ቢያወጣልን ደስ ይለናል። ዳኮታው አሁን ክንፉና ሞተሩ አልቆ፣ ቀለም ሳይቀባ፣ በሩም ሳይቆረጥ ቆሟል። የግራው ጎን ፎቶ እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከደሴ፣ አንባቢያችሁ